የሐጂ ሸምሱ ፎቅ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ጨንቻ

መነሻ

ወደ ጨንቻ የሄድኩት አንድ ቤት ከመፍረሱ በፊት ለመድረስ ነው። ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ መሥራት ነው፤ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ መሐንዲሶች የጫሩትን በማስመሪያና በቀለም አስተካክላለሁ። የዓመት ፈቃዴን ግን በየትንንሹ ከተማ የቆዩ ቤቶችን እየለካሁ በወረቀት በማስፈር ነው የምጨርሰው። አንዳንዱ ሰው ዓሣ ማስገር ይወዳል፣ አንዳንዱ ካርታ መጫወት፤ የእኔ ደግሞ ይሄ ነው።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በአንድ የግንቦት ሰኞ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አስቴር ከአርባ ምንጭ ቢሮዬ ደወለችልኝ። አስቴር የአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ውስጥ አስተማሪ ናት።

«ሰብለ፣ ያ የጨንቻው ፎቅ ቤት ሊፈርስ ነው» አለችኝ። «ከቅዳሜ ገበያ በኋላ ይጀምራሉ እየተባለ ነው።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«የዚህ ሳምንቱ።»

ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የነበረች የደጋ ከተማ ናት። መሥሪያ ቤቶቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቆላ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ፣ በዚያ ዘመን የተሠሩት የእንጨት ቤቶች ብዙዎቹ እዚያው ቀርተው እየበሰበሱ አለቁ። አስቴር ደጋግማ ያነሳችልኝ ይሄኛው ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ አለቃዬ ዘንድ ገባሁና ፈቃዴን ከነገ ጀምሮ እንደምፈልግ ነገርኩት። ምክንያቱን ሲሰማ ሳቀ፤ ሆኖም ፈረመልኝ።

በመንገድ ላይ

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። የያዝኩት አንዲት ትንሽ ሻንጣ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት፣ እርሳስና ሜትር ነው። እስከ ሻሸመኔ አስፋልቱ ደህና ስለሆነ ግማሹ ተሳፋሪ ተኝቶ ተጓዘ። ከሻሸመኔ ወዲያ ግን የሚተኛ አልነበረም። ጉድጓዱ ያነሳናል፣ ይጥለናል፤ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። ጎኔ የተቀመጠው ወጣት ከኮሌጅ ገና የተመረቀ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ካምባ የሚባል ወረዳ ተመድቧል።

«ካምባን ታውቂያታለሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አላውቃትም።»

«እኔም አላውቃትም። ከአርባ ምንጭ በኋላ መኪና እንደሌለ ብቻ ነው የነገሩኝ» አለና እንደ መሳቅ አለ። እናቱ የሰጡትን ዳቦ ቆርሶ አካፈለኝ።

ሶዶ አደርን። በማግስቱ ሁምቦን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ መጣ፤ ሹራብ የለበሰ ሁሉ አወለቀ። በስተግራ አባያ ብቅ አለ። ውኃው ጡብ የተፈጨበት ይመስል ቀይ ነው። ምዕራብ አባያ ከተማ ላይ ሴቶች በመስኮት እየተንጠለጠሉ ሙዝ ሸጡልን፤ በአንድ ብር ብቻዬን የማልጨርሰውን ያህል ገዛሁ። አርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ወርጄ በሚኒባስ ሽቅብ ወደ ሴቻ ስወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

አስቴር ራት የጋበዘችኝ ከጫሞ የመጣ የዓሣ ኮትሌት በዳጣ ነው። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ። እያስለቀሰኝም ስለ ፎቁ ባለቤት ጠየቅኳት።

«ሐጂ ሸምሱ ይባላሉ» አለች። «የስልጤ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለሸማኔዎች ክር ሊሸጡ መጥተው እዚያው ቀሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን እምቢ ካሉ እምቢ ነው።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አልኳት።

ሽቅብ

ሐሙስ ጠዋት ጨውና ክር በጫነ አይሱዙ ተሳፈርኩ። ጋቢናው ስለሞላ ከላይ ጨው ላይ ተቀመጥኩ። ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ዳገቱን ስንይዝ ሙዙና ማንጎው ቀርቶ እንሰትና ቀርከሃ ተተካ። በአንድ መታጠፊያ ላይ ዞር ስል ሁለቱ ሐይቆች ታዩኝ፤ አባያ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ኮረብታ። ብዙ አላየሁትም። ጉሙ ወርዶ ሸፈነው፣ ዝናቡም ወዲያው ጀመረ።

ከዶርዜ ትንሽ እንዳለፍን መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ። ወርደን ገፋን። ቅጠል አነጠፍንለት፤ ጎማው ቅጠሉን ወደ እኛው ተፋው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ «ዝናቡ ካላባራ ወይ እዚሁ መጠበቅ፣ ወይ ሌላ መኪና መፈለግ ነው» አለ።

ሻንጣዬን አንጠልጥዬ፣ ወረቀቴን በካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ በእግሬ ቀጠልኩ። ከዶርዜ ገበያ ጥጥ ተሸክማ ወደ ጨንቻ የምትመለስ አንዲት ሴት ደረሰችብኝ። «ሳሮ» ብላ በጋሞኛ ሰላም አለችኝና በአማርኛ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

«ጨንቻ፣ ሐጂ ሸምሱ ቤት።»

«ፎቁ?» ቆም አለች። «ኧረ እሱ ይወድቃል! እንዳትጠጊው።»

እርምጃዋ ፈጣን ነበር። ሳልነጠል ጨንቻ ድረስ ተከተልኳት።

ፎቁ

ቤቱ ከገበያው ሜዳ በላይ፣ ከሁሉም ጣሪያ ከፍ ብሎ ቆሟል። ምድር ቤቱ ሰፋፊ በሮች ያሉት የሱቅ ቤት ነው። ከላይ መኖሪያው አለ፤ ዙሪያውን ከጽድ የተሠራ ሰገነት ከቦታል። የሰገነቱ መደገፊያ እያንዳንዱ እንጨት በእጅ ተጠርቦ መሐሉ ላይ እንደ ቡቃያ ተቀርጿል፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ኖራው ተላልጦ ማገሩ ይታያል። በምዕራብ በኩል ግን የሰገነቱ ጥግ ወደ መሬት ዘምሟል፤ ከቤቱ ሊገነጠል የፈለገ ይመስላል። ከሥሩ ሰው እንዳያልፍ እሾህ ታጥሮበታል።

ሐጂ ሸምሱ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀጭን፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ወፍራም ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። ከአዲስ አበባ መምጣቴን ስነግራቸው ተነስተው ወንበር ሰጡኝ፤ ውኃ ያረሰረሰውን ጫማዬን አይተውም ሻይ አስመጡልኝ። ሁሉም ነገር ደህና ሄደ። ቤቱን ለመሳል እንደምፈልግ ስነግራቸውም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከሻንጣዬ ሜትሩን አወጣሁ።

ፊታቸው ተለወጠ።

«ያን መልሺው» አሉ።

«ሐጂ፣ ለመሳል ያህል ብቻ...»

«መልሺው አልኩሽ! ሻይሽን ጠጪና በሰላም ሂጂ። ቤቱ አይለካም።»

ከጀርባችን ጨርቅ ታጥፍ የነበረችው የሱቅ ሠራተኛ እጇን አቆመች። ላስረዳ ሞከርኩ፤ ከየት እንደመጣሁ፣ ቢሮዬ ከዚህ ነገር ጋር ምንም እንደማያገናኘው ነገርኳቸው። ሐጂ ሸምሱ ፊታቸውን ወደ ገበያው አዞሩ። ሻዩን ጨርሼ ወጣሁ። በዚያች ሰዓት እልህ ያዘኝ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ባዶ ወረቀት ይዤ አልመለስም አልኩ።

ዓርብ

ጠዋት ከፎቁ ፊት ለፊት ካለው ልብስ ሰፊ ቤት ታዛ ሥር ቆምኩ። መንገዱ የሁሉም ነው፤ ዓይንም አይከለከልም። ሜትሩን ማደሪያዬ ትቼ በዓይኔ እየገመትኩ መሳል ጀመርኩ። ዝናቡ ታዛውን አልፎ ይረጨኛል፤ ወረቀቱን ላስቲክ አልብሼ እጄን ከሥሩ አስገብቼ እስላለሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ሰው እየመጣ ትከሻዬ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። «መስኮቱን አልሳልሽውም» ይለኛል አንዱ፤ «ያኛው መስኮት ጠበበብሽ» ይላል ሌላው። ሐጂ ሸምሱ ከሱቃቸው አዩኝ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ለጁምአ ሶላት ወጥተው ሄዱ።

እሳቸው እንደሄዱ ከሰገነቱ ላይ የሴት ድምፅ ጠራኝ። «አንቺ ልጅ! ሳምባሽ ሊታመም ነው እኮ። ነይ ውጪ ወደዚህ።»

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ነበሩ። በእንጨቱ ደረጃ ወጣሁ። ፎቁ ጣውላ ወለል ነው፤ ከብዙ ዓመት መጥረግ ብዛት ያበራል። እሳት አጠገብ አስቀምጠው ትኩስ የቡላ ገንፎ ሰጡኝ።

«እሱ አንቺን አይደለም የፈራው» አሉ። «ሜትሩን ነው። በደርግ ጊዜ ከመንግሥት የተላኩ ሁለት ልጆች ሜትር ይዘው መጡ። ሻይ ጠጡ፣ ሳቁ፣ ለኩ፣ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ምድር ቤቱ ተወሰደ። ሱቁን ዘግተው የቀበሌ መጋዘን አደረጉት። እኛ እዚህ ላይ ቀረን። ሸምሱ በገዛ ደረጃው ሲወርድ ከበሩ ላይ ያለውን ዘበኛ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። ለውጡ ሲመጣ ለቀው ሄዱ፤ ያን ሁሉ ዓመት ግን አንድ ሚስማር የመታለት የለም። አሸንዳው ወደቀ፣ እንጨቱ በሰበሰ። አምና ክረምት የሰገነቱ ጣውላ ወርዶ የልጅ ልጄን ለጥቂት ሳታት። ከዚያ በኋላ ነው ይፍረስ ያለው።»

«እርስዎስ?»

እትዬ ዘይነባ እሳቱን ቆሰቆሱ። «ልጆቼን ሁሉ የወለድኩት ከዚያ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነው» አሉ።

ሐጂ ሸምሱ ከመስጊድ ሲመለሱ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ አገኙኝ። አልተቆጡም፤ ደክሟቸው ነበር። ቀና ብዬ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ሐጂ፣ እኔ አልለካም። እርስዎ ይለኩ። ሜትሩ በእጅዎ ይሁን፣ ቁጥሩን እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እስላለሁ። ንድፉ ሲያልቅ እርስዎ ዘንድ ይቀራል። እርስዎ ሳይፈቅዱ ወደ አዲስ አበባ ይዤው አልሄድም።»

ሐጂ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እትዬ ዘይነባ ከመሶቡ ዳቦ አውጥተው ባላቸው ፊት አስቀመጡ። ሐጂ ዳቦውን ሳይነኩ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ሜትሩ የት አለ?»

ማደሪያዬ ድረስ ሮጥኩ።

መጀመሪያ ሜትሩን እንደ እባብ ነበር የያዙት። በሩን ለክተው ቁጥሩን በሹክሹክታ ነገሩኝ። ሱቁን ሲለኩ ድምፃቸው ወጣ። ደረጃው ላይ ስንደርስ ስህተቴን ያርሙኝ ጀመር፦ «እንደገና ጻፊ፤ ስልሳ ሁለት ነው ያልኩት!» ልብስ ሰፊው ሥራውን ትቶ መጥቶ ሌላኛውን ጫፍ ያዘላቸው። ቤቱን እንዲያፈርሱ የተቀጠሩት አናጺ አቶ ባሳም ምን እየተደረገ እንደሆነ ለማየት መጡና እሾሁን ገለል አድርገው ከዘመመው ጥግ ሥር አስገቡን።

እዚያ ነበር ነገሩ የተገለጠልን። አቶ ባሳ በመጥረቢያቸው ጀርባ ምሰሶውን መቱ። ከታች ያለው እንደ ዱባ ድው አለ። ከጉልበት በላይ ያለው ግን ጠንካራ ነበር፤ ብረት የተመታ ያህል አንቃጨለ። ቀጥሎ ያለውም ምሰሶ እንደዚያው። አሸንዳው ከወደቀ ወዲህ የጣሪያው ውኃ በቀጥታ የሚወርደው በሁለቱ እግር ላይ ነው። ሌላው ጽድ ሁሉ ጤነኛ ነበር።

ሐጂ ሸምሱ ራሳቸው መጥረቢያውን ተቀብለው ደጋግመው መቱ። «ታዲያ እኔ በሕይወት ያለውን ልቀብር ነበር?» አሉ።

«እግሩን ብቻ ቆርጠን በድንጋይና በአዲስ ጽድ መተካት ይቻላል» አልኩ።

አቶ ባሳ በጥርጣሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ እኔንም አንተ ነው የሚሉኝ። «እህቴ፣ አንተ በወረቀት ትቆርጣለህ። ይቺን ምሰሶ ስንቆርጥ ከላይ ያለው በማን ይቆማል?»

ልክ ነበሩ፤ እኔም ፈርቻለሁ። በሕይወቴ ቤት ስዬ እንጂ ጠግኜ አላውቅም። ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ክብደቱ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ድጋፉ የት የት መቆም እንዳለበት ሣልኩላቸው። እሳቸው ሁለቱን ነቅፈው ሌላ ቦታ አሳዩኝ፤ ተከራከርን፤ ጨለማው ሳይመጣ ተስማማን።

ወደ ሐጂ ዞሬ፣ «ነገን ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው። «ካልሆነ እሑድ ያፍርሱት፤ ጣውላውን አብሬ አወርዳለሁ።»

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከሰገነቱ ሥር የባሕር ዛፍ ግንዶች አቆምንና በሽብልቅ አጠበቅናቸው። እትዬ ዘይነባና የልጅ ልጃቸው ጎረቤት ሄዱ። ሐጂ ግን አልሄድም ብለው ደረጃው ሥር ቆሙ። ገበያው ሞልቷል፤ ሸማኔው፣ ቅቤ ሻጩ፣ ገብስ ሊሸጥ የመጣው ሁሉ ዓይኑ እኛ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምሰሶ ያለ ችግር አለፈ። የበሰበሰው ወጣ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገባ፣ አዲሱ ጽድ ልኩን አግኝቶ ተቀመጠ። አቶ ባሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ሁለተኛው፣ የጥግ ጥጉ፣ ሲቆረጥ ግን ከላይ አንድ ነገር ጮኸ። ቀና ስል አንደኛው ድጋፍ በረጠበው አፈር ላይ እየተንሸራተተ ነው። ሰገነቱ ከነመደገፊያው በአንዴ ዝቅ አለ፤ አቧራና የኖራ ፍርፋሪ ዘነበብን። አቶ ባሳ ምሰሶው ሥር ተንበርክከው ነበር፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ክፍተቱ ውስጥ ተይዟል።

«እህቴ፣ ዞር በል!» ብለው ጮኹብኝ።

አልዞርኩም። ለምን እንዳልዞርኩ አሁንም በደንብ አላውቅም፤ ትከሻዬን ከሚንሸራተተው ግንድ ጋር አስደግፌ ገፋሁ። እንደማልችለው ወዲያው ገባኝ። ሐጂ ሸምሱ ጋቢያቸውን ጥለው አጠገቤ ደረሱ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ወንዶቹ ሸቀጣቸውን ትተው እየሮጡ መጡ። የጋሞ ሰው ቤት መሸከም ያውቃል፤ የቀርከሃ ቤት እግሩ በምስጥ ሲበላ ወይም ቦታ ሲለወጥ ጎረቤት ተጠርቶ ከነጣሪያው አንስቶ ነው የሚያዛውረው። ማንም ትእዛዝ አልሰጣቸውም። ግማሾቹ አግዳሚውን በትከሻ፣ ግማሾቹ በእጃቸው ያዙ፤ አንድ ሽማግሌ በጋሞኛ ጥሪ አሰሙ፣ ሁሉም በአንድነት መለሱላቸው፣ ሰገነቱም ተነሳ።

አቶ ባሳ ክንዳቸውን አወጡ። ደም ነበረበት፤ አጥንቱ ግን ደህና ነበር። በሌላኛው እጃቸው ድንጋዩን ገፍተው አስገቡ፤ ልብስ ሰፊውና እኔ አዲሱን ጽድ አቅፈን አቆምነው። ሽብልቁ ተመታ። ሽማግሌው እንደገና ጥሪ አሰሙ፤ ሰዎቹም ቀስ እያሉ ትከሻቸውን አወረዱ።

ቤቱ ቆመ። ቀጥ ብሎ ግን አልቆመም፤ ዛሬም ወደዚያ ጥግ ትንሽ ያዘነብላል። እንደዚያም ሆኖ ቆመ።

አንዷ ቅቤ ሻጭ እልል አለች፤ ሜዳው ተቀበላት። ሐጂ ሸምሱ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እትዬ ዘይነባ መጥተው የአቶ ባሳን ክንድ በንጹሕ ነጠላ ሲያስሩ፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

መልስ

እሑድና ሰኞ ንድፉን ጨረስኩ። ዋናውን ለሐጂ ሰጠሁ፤ ግልባጩን ልወስድ ስጠይቃቸው፣ «ውሰጂው» አሉ፤ «ግን አሸንዳውንም ሳዪበት፤ በዚህ ሳምንት አሰቅለዋለሁ።» ስለ ቤቱ ዕድሜ ሌላ ተስፋ አልሰጡኝም። «ይህን ክረምት እንየው» ነው ያሉት። አቶ ባሳ ክንዳቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው እስከ መኪናው ሸኙኝ። እንደገና ጭነት ላይ ተቀምጬ ወረድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ጭነቱ ባዶ ጆንያ ነበር፤ እንደ ጨው አልቆረቆረኝም።

አዲስ አበባ የገባሁት በጭቃ የጠነከረ ጫማ ተጫምቼ፣ ትከሻዬ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ሰማያዊ ሰንበር ይዤ ነው። ያን ጊዜ ድረስ የቆዩ ቤቶችን የምስለው ቀድሞ እንዳለቀላቸው ቆጥሬ ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንደምትሄድ ሴት። ጨንቻ ያስተማረችኝ፣ አንድ ቤት ዘንድ ስደርስ መጀመሪያ የት እንዳመመው መጠየቅን፣ ከዚያም ውስጡ የሚኖረውን ሰው ምን እንዳስፈራው መስማትን ነው። ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ከተማ ሁሉ ይህን ሳልጠይቅ እርሳስ አንስቼ አላውቅም። አንዳንዱን ማዳን ተቻለ፤ አብዛኛውን አልተቻለም።

በመስከረም አጋማሽ አስቴር ደወለች። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ጨንቻ ላይ ስንት ቀን መንገድ ተዘግቶ ከርሟል። ከሐጂ ሸምሱ መልእክት እንደያዘች ነገረችኝ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«እንዲህ ብለሽ ንገሪያት አሉኝ፦ ክረምቱ ወጥቷል፤ እኛም ፎቅ ላይ ነን።»